ከአራት ነጥብ በኋላ ሁለቴ

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለአሞጽ፣
ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሃል? እሌኒስ ከአራስነቷ በርትታ ተነሳች? በፎቶ ሳየው ቁርጥ እኔን የሚመስለው፣ እናንተ ግን ለማመን የምታፍሩት ልጃችሁ ጡት ይጠባል? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን፤ ጉልበቴ የሴቻን ዳገት ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር። አንተ ደብዳቤ ስታነብ ከመጨረሻው ነው የምትጀምረው፤ ዛሬ ግን አደራህን ከላይ ጀምር።

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው መስሎ ከታየህ በእጄ ስለጻፍኩት ነው። ዛሬ ማሽን መንካት አልፈለግኩም።

እናታችሁ ካረፈች በኋላ አንተንና እህትህን ቤቲን በአሮጌዋ የጽሕፈት መኪና ላይ ጣት ያስያዝኳችሁ እኔ ነኝ። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን መመሪያ አንስቼ በማንበብ ነው የተማርኩት። መመሪያው ከአራት ነጥብ በኋላ ሁለት ጊዜ ባዶ ቦታ ስጥ ይል ነበር። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ገጽ ስለተቀደደ ምክንያቱን ራሴ ፈጠርኩለት፤ አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለትንፋሽ። አንድ ብቻ ስትመቱ አውራ ጣታችሁን በእርሳስ እመታ ነበር። አንተ እልኸኛ ነህና አልለመድክም። ቤቲ ታዛዥ ናትና ለመደች። ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ መታዘዟ ነው።

ማመልከቻ ከምጽፍበት ሱቄ ጎን ኮምፒውተር ቤት ያለው ዘሚካኤል በዚህ ነገር ሲከራከረኝ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለቴ መምታት የፊት ጥርስ አውልቆ እንደ መሳቅ ነው ይለኛል። እኔም የአንተ ጽሑፍ ከሲቀላ የሚነሳ ሚኒባስ ነው፣ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ መተንፈሻ የለውም እለዋለሁ። ባለጉዳዮች ማመልከቻቸውን እስኪረከቡ በእኛ ይስቃሉ። ገና ሰሞን ታዲያ እልህ ያዘኝ። ዘሚካኤል አሥር ወረቀት ስሙን እየሸፈነ አቀረበልኝ፤ እኔም ክፍተቱን ብቻ አይቼ ማን እንደጻፋቸው አንድ በአንድ ጠራሁ። ጣት አይዋሽም፣ በዚህ ከተማ ሁለቴ የምንመታው እኔና ቤቲ ብቻ ነን ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ወልደሥላሴ ነበር። ወልደሥላሴ ቤቲ በጸሐፊነት በምትሠራበት የመሬት መሥሪያ ቤት የቁጥጥር ሰው ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ ፊርማ የሌለው ጽሑፍ በሰፈራችን በሴቻ በየበሩ ተለጥፎ አደረ። በአባያ ዳር ያለው የእነ ኦይታ የሙዝ ማሳ “ያልለማ መሬት” ተብሎ ለሌላ ሰው መሰጠቱን፣ የቃለ ጉባኤውን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ ይናገራል። እኔም ቆሜ አነበብኩት። ከሁለተኛው አራት ነጥብ ወዲያ ማንበብ አላስፈለገኝም።

ቤት ገብቼ ቤቲን ጠየቅኳት። አልካደችም። “ማሳውን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። ሙዝ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ያልለማ ብሎ የጻፈው ግን ይሄ ጣቴ ነው” አለችኝ።

ኦይታን ታስታውሰዋለህ፤ ሙዝ ስትሰርቅ ይዞህ ሌላ ጨምሮ የሸኘህ ሰው ነው። ከሽማግሌዎች ጋር ለልመና እርጥብ ሳር ይዞ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። በእኛ አገር ሳር ይዞ የቆመን ሽማግሌ ማንም ረግጦት አያልፍም ነበር። አለፉት። ማክሰኞ ለጥያቄ ብለው ወሰዱት። ሚስቱ በየቀኑ ምሳ ታደርሳለች፤ ምግቡን ይቀበሏታል፣ ሳህኑን ግን እስካሁን አልመለሱላትም።

ረቡዕ ወልደሥላሴ ማስመሪያ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ሻይ አስመጣሁለት፤ ጠጣ። ያንን ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ክፍተቱን እየለካ፣ ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎች በሙሉ እሱ የሚያነብላቸውን አንድ ገጽ እንደሚጽፉ ነገረኝ። “ያችን ጨዋታህን ልንደግማት ነው” አለ።

በዚያው ቀን ቤቲን አስቀምጬ አንዴ ብቻ እንድትመታ አለማመድኳት። በዚህ ዕድሜዋ ጣቷን በእርሳስ መታሁ። በክርም አሰርነው። ሁለት መስመር ያህል ትጠነቀቅና ሐሳቧ ወደ ቃሉ ሲሄድ ጣቷ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ባለቤቴ አገርነሽ ጥቂት አየችንና ወደ ጓሮ ወጣች።

ሐሙስ ዘሚካኤል ሳልለምነው ከቤቱ የሚወጣውን ወረቀት ሁሉ ሁለቴ እየመታ ማውጣት ጀመረ። ስድስት ዓመት የተሟገተኝ ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ለሌሎቹ ጸሐፊዎችም ነገራቸው። ዓርብ ረፋድ ላይ በሴቻ አንዴ የሚመታ ሰው ጠፋ፤ እኔም እንደ ልጅ ፈነጠዝኩ። ከሰዓት በኋላ ወልደሥላሴ በሬ ላይ ቆመ። “ጋሽ ዘመድኩን፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ትንፋሽ አጠረው?” አለኝ። ሊሄድ ዞር ሲልም፣ “ጸሐፊዎቹ አምና የጻፉት ፋይል እኔ ጋ ነው” አለ። አልሳቀም።

እንግዲህ ስማኝ። ይህን የታሸገ ደብዳቤ የምታደርስልህ ቤቲ ናት። ልጁን ለማየት ያለፈው ወር የጠየቀችው ፈቃድ ተፈርሞላት ነበር፤ አሁን ግን ከሄድኩ ጥፋተኛ እመስላለሁ፣ ኦይታንስ ለማን ትቼ ብላ አሻፈረኝ አለች። ስለዚህ እሌኒ በጠና ታማለች፣ አሞጽ ሕፃን ታቅፎ ብቻውን ነው ብዬ ዋሸኋት። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አታልዬ ስቄያለሁ፤ በዚህኛው አልሳቅኩም። እሌኒን ደህና ሆና ስታገኛት ትቆጣለች። ቁጣዋን ቻል፤ የመመለሻ ትኬት ግን እንዳትቆርጥላት።

ነገ ጠዋት ተሳፍራ ሰኞ ማታ እናንተ ጋ ትገባለች። እስከዚያ የእኔ ጉዳይ ያልቃል። ሰኞ ቢሮ ሲከፈት ወልደሥላሴ ዘንድ ሄጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ቤቲ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ስቀልድ ያላየኝ የለም፤ ቃለ ጉባኤውን ያኔ አየሁት ብል የሚያምነኝ አላጣም። ሁለታችንም ሁለቴ ነውና የምንመታው፣ የአምናው ፋይል የእሷን ጣት ቢያሳይ የእኔንም ያሳያል። ጻፍ ካለኝም እጽፍለታለሁ። የእኔ ጣት ልምምድ አያስፈልገውም።

እሌኒን ስለ ውሸቴ ይቅርታ ጠይቅልኝ። አገርነሽ እዚያ ሽፈራው የሚሉትን ደረቅ የሃለኮ ቅጠል ልካላታለች፤ ለአራስ ደግ ነው። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ዘሚካኤል ሰላም ብሎሃል፤ አሁንም አንድ ይበቃል ይላል። ቤቲን ግንባሯን ሳማትና ደብዳቤውን ስጣት፣ መጀመሪያ ግን እራቷን ትብላ።

ለአገርነሽ ስለ ሰኞ ምንም አልነገርኳትም። ዛሬ ግን ሳህኖቹን ስታጥብ ጠርዙ የተላጠውን አሮጌ ሳህን ለይታ በር አጠገብ አስቀምጣለች። ሄዶ ቢቀርም የማይቆጭ ሳህን ነው።

አጎትህ ዘመድኩን
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.