ከ1974 በፊት ያልተፈጠርን ሴቶች

ለተከበሩ ዶክተር ክላይተን ስትራውድ፣
የዊሎው ፎርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ታሪክ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ በፊት የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጉልበትዎና ወገብዎ ደኅና እንዲሆኑ፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ ሳይጓደል እንዲዘልቅ እመኛለሁ፤ በዚህ ከተማ ያለ ማስረጃ ማስታወስ ለሕክምና እንደሚያበቃ ሰሞኑን አይቻለሁና። እኔ ከ1958 እስከ 1961 በዩኒቨርሲቲያችሁ ቅርጫት ኳስ የተጫወትኩ የሰማንያ አምስት ዓመት አሮጊት ነኝ። ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ። ያሳተማችሁት የመቶ ዓመት የቅርጫት ኳስ ታሪክ መጽሐፍ በገጽ 213 የሴቶች ቡድን የተመሠረተው በ1974 ነው ስለሚል፣ አልተጫወትኩም።

ስለ መጽሐፉ ምስጋናዬ ብዙ ነው። የወንዶቹ ቡድን በ1926 አሥራ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ አሥራ አንዱንም መሸነፉን ሳትደብቁ ጽፋችኋል። የቡድኑ ምልክት ሆና በየጨዋታው ትጎተት የነበረችው ፍየል ክላራቤል እንኳ ከሞተችበት ቀን ጋር ሰፍራለች። ክላራቤልን አውቃታለሁ፣ ጨዋ ፍየል ነበረች። በ1959 የቁምጣዬን ጫፍ በልታብኛለች፤ ያኔ እኔ ስላልነበርኩ ግን የማንን ቁምጣ እንደበላች የታሪክ ክፍሉ ያጣራ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መጽሐፉ እንዲታረም ባለፈው ጥቅምት ላስገባሁት ማመልከቻ መልስ ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ያስቆጠርኩትን ነጥብ የሚያሳይ ሰነድ እንዳቀርብ መጠየቅዎ ግራ አጋብቶኛል። ክቡርነትዎ፣ እኔ ተከላካይ ነበርኩ። በዚያ ዘመን የሴቶች ሜዳ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሦስት አጥቂዎች ከመሀል መስመሩ ወዲያ፣ ሦስት ተከላካዮች ወዲህ። ተከላካይ መስመሩን ከረገጠች ጥፋት ነው፣ ወደ ቅርጫት መወርወርማ ጭራሽ አይታሰብም። ብዙ ስንሮጥ እንዳንታመም ታስቦልን ነው። በአራት ዓመት አንዲት ነጥብ አላስቆጠርኩም፤ ለዚህ ማስረጃ ከተፈለገ ባዶ ወረቀት በደስታ እልካለሁ።

ሁለተኛ፣ የላክሁላችሁን የቡድናችንን ፎቶግራፍና የጋዜጣ ቁራጭ «ማኅበራዊ መዝናኛ» ነው ብላችሁ መልሳችሁልኛል። እውነት ነው፣ በጣም ተዝናንተናል። ወንዶቹ ሳይመጡ ሜዳውን እንድንለቅ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር የምንዝናናው፤ ስንጨርስም ወለሉን ወልውለንላቸው እንወጣ ነበር። የግራ እጄ ትንሿ ጣት እስከ ዛሬ ወደ ጎን ታያለች። እሷም በመዝናናት ነው የተሰበረችው።

ሦስተኛዋ ማርቬል ናት፤ ይህን ሁሉ ያጻፈችኝም እሷው ናት። ማርቬል ኦስትቢ አጥቂያችን ነበረች። እኔ ኳሱን ነጥቄ እስከ መስመሩ አደርስላታለሁ፣ እሷ ከማዶ ተቀብላ ታስቆጥራለች፤ አንድ ቅዳሜ ብቻዋን አርባ ሰባት ነጥብ አስቆጥራለች። ዛሬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ናት። የልጆቿን ስም ትረሳለች፣ አርባ ሰባቷን ግን አትረሳም። ልጠይቃት ስሄድ ጫማዋን አጥብቃ አስራ አገኛታለሁ፤ «አርዲስ፣ ምን ይጎልትሻል፣ ኳሷን ወዲህ በያት እንጂ» ትለኛለች። ልጇ ጄኔል መጽሐፋችሁን ገዝታ አነበበችና «እማዬ፣ እንዲህ የሚባል ቡድን እኮ አልነበረም፣ ከየት አመጣሽው?» አለቻት። ሐኪሙም ገጽ 213ን አይቶ በካርዷ ላይ «ያልሆነውን ሆነ ትላለች» ብሎ ጻፈ፤ ክኒንም አዘዘላት። ምስክር ነኝ ብዬ ብቀርብ በጣም በአክብሮት «እማማ፣ ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» አለኝ። ማክሰኞ ነው አልኩት፣ ማክሰኞም ነበር። ቢሆንም ለእኔም ቀጠሮ ያዘልኝ።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፣ ረሳሁት። ለሐኪሙ እንዳይነግሩብኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ በአሽሙር መሸፈን አቃተኝ። ያን ቡድን የምናስታውስ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሷ እንደ እብድ ተቆጥራ ልትሞት ነው፣ እኔም ፈርቻለሁ። የምለምንዎ ሐውልት አይደለም፣ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ባንዲራም አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያረፈባት አንዲት መስመር ናት፤ «ማርቬል ኦስትቢ እዚህ ተጫውታለች» የምትል። ዓርብ ክኒኑ ሊጨመርላት ነው። ጸሐፊዎ ዘንድ ሦስት ጊዜ ደውዬ «ጉዳዩን ኮሚቴው በጸደይ ያየዋል» ተብያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ እባክዎ፣ ከዓርብ በፊት ይጻፉልኝ።

መሀል መስመሩን አንዴም ሳትረግጥ በተፈቀደላት ግማሽ ሜዳ ላይ ዕድሜዋን የጨረሰች፣ ለክቡርነትዎና ለክላራቤል ነፍስ የማያቋርጥ አክብሮት ያላት፣

አርዲስ ሆልቨርሰን
ተከላካይ፣ 14 ቁጥር፣ አለመኖሯ በገጽ 213 የተረጋገጠ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን በእጅዎ ካደረስኩ በኋላ መልስ ስጠብቅ ዓርብ አለፈ፤ ስለዚህ ለከተማችን ጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ። ዛሬ ሰኞ ማርቬል ዘንድ ሄጄ ነበር። ጫማዋን አላሰረችም። «አርባ ሰባቷን ታስታውሻታለሽ?» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና «የምን አርባ ሰባት?» አለችኝ። ሐኪሙ ተሽሏታል ብሏል። እንግዲህ ኮሚቴው በጸደይ ባይደክም ይሻላል፤ መጽሐፉን ማረም አያስፈልግም፣ የታረመችው ማርቬል ናት።