አንድ ሜትር ተኩል ላይ ይቆማል የተባለው ቁጥቋጦ

ለተከበሩ የአረንጓዴ ስፍራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ መስኮትም የማይጎድል ብርሃን እመኛለሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቤታችን ፊት ያስተከሏቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው የማይረግፍ ስድስት ቁጥቋጦዎች እጅግ ተስማምቷቸዋል። ያኔ የታሰረባቸው ካርድ «ቁመት፦ አንድ ሜትር ተኩል» ይል ነበር። ዛሬ ጣሪያችንን አልፈው፣ ወደ ጎንም ተንሰራፍተው የእግረኛውን መንገድ ይዘውታል። ስለዚህ፦

1ኛ. አናጺው አባቴ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበታቸውም ተይዞ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ባለች ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ። ሲፈልጉኝ በደህና እጃቸው ገመድ ይስባሉ፤ መስኮቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይወጣል፤ እኔም ስፌቴን ጥዬ እሮጣለሁ። አሁን ግን ጨርቁን የማየው ነፋስ ቅርንጫፉን ገለጥ ሲያደርግልኝ ብቻ ነው።

2ኛ. ይከርከምልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ባለሙያዎ መጥተው ለማየት ሳይደክሙ፣ «በመዝገባችን ቁጥቋጦው ከአንድ ሜትር ተኩል ስለማያልፍ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ ያለን መስኮት ሊጋርድ አይችልም፤ ንብረታችንን መቁረጥም ክልክል ነው» ሲሉ በማኅተም አረጋገጡልኝ። መስኮቴ እንዳልተጋረደ ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ችግኝ ጣቢያ የሚሠራው ጎረቤታችን ግን ካርዱ የሚናገረው የአምስት ዓመት ቁመቱን እንደሆነ፣ ካልተከረከመ ስድስት ሜትር እንደሚደርስ ነግሮኛል።

የሚቀጥለውን ነገር ግን ቁጥር ልሰጠው አልፈልግም። ባለፈው ማክሰኞ አባቴ ከአልጋ ወድቀው፣ ገመዱን እንደጨበጡ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወለል ላይ ቆዩ። ጨርቁ ወጥቶ ነበር። እኔ ማዶ ተቀምጬ የቀሚስ ጠርዝ እሰፋ ነበር። የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ክቡር ሆይ፣ ንዴቴን በትሕትና ልጽፈው ሞክሬ አቅቶኛል።

ከመዝገብዎ ቀና ለማለት ጊዜ ላጡት ለእርስዎ ያለኝን የማይረግፍ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ

ትናንት ማታ ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ዛሬ ጠዋት በአባቴ መጋዝ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ያለውን ሁሉ ቆርጬ ጥያለሁ። በመዝገብዎ ከዚያ በላይ ምንም ስለሌለ፣ ከንብረትዎ የጎደለ ነገር የለም። ብቻ እነዚያ የሌሉት ቅርንጫፎች መንገዱን ስለዘጉት፣ የጭነት መኪና ቢልኩልን።