ከደንበኛችን ስለ ጠበቁን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የወጪ ንግድ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሰላ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ በመጋዘናችን ላይ እንዳስገጠሙት ቁልፍ የጠነከረ ይሁን፤ ቤተሰብዎም በደኅና ይክረም።

እኔ ተማሪ ቤት ያልገባሁ፣ ፊደል በራሴ የቆጠርሁ ሽማግሌ ነኝ። በሰፈራችን ወይዘሮ አፀደ የምትመራው የሴቶች ማኅበር ለአንድ የባሕር ማዶ አውቶብስ ኩባንያ የቆዳ የወንበር ልባስ እንደሚሰፋ፣ ጽሕፈት ቤትዎም ይህን ሽያጭ ለመጠበቅ እንደተነሣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለ ጥበቃ በአደባባይ ሊመሰገን ስለሚገባው ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ንድፉ እንዳይሰረቅ ብለው ናሙና ከአገር እንዳይወጣ ስለከለከሉ እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ በባሕር ማዶ ማንም አልሰረቀንም፤ ማንም አልገዛንምም።

፪. ኩባንያው ናሙናው ቢቀርበት ወኪሉን እስከ አሰላ ድረስ ልኮ ነበር። በራችን ላይ ያቆሙት ዘበኛ አቶ ጉቱ፣ ባዳ እንዳያስገባ የተሰጠውን ትእዛዝ አክብሮ፣ እንግዳውን ዝናብ ላይ አቁሞ መለሰው። ሴቶቹ የሰፉትን በመስኮት እያነሡ ሊያሳዩት ቢሞክሩ፣ መስኮቱንም አስዘጋቸው። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው በዘበኝነት መቅረት የለበትምና ሹመት ይታሰብለት።

፫. ተሰፍቶ ያለቀውን ልባስ ቆልፈው፣ በማኅተምም አሽገው ስላኖሩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። አይጧ ግን ማኅተምዎን ማንበብ አልቻለችም።

፬. ይህኛው በእርስዎ ላይ አይደለም። ጥበቃውን የለመንሁት እኔ ነኝ። አንድ ነጋዴ ከኢተያ እየተመላለሰ ንድፋችንን ገልብጦ በርካሽ ሲሸጥ፣ አፀደ ስሙን ጠርቼ እንዳመለክት አጥብቃ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ሽማግሌዎችን አስከትዬ፣ እንደ አገራችን ልማድ እርጥብ ሣር ይዤ ደጅዎ ስቆም፣ ሣር በያዝሁበት እጅ ሰው መክሰስ ነውር መሰለኝና ከባዳ ሁሉ ጠብቁልን አልሁ። ሣር ተይዞ የተለመነ እምቢ እንደማይባል ያውቃሉና፣ እርስዎም እንዳልሁት ከባዳ ሁሉ ጠበቁን። ነጋዴው ግን የአገር ልጅ ስለሆነ አቶ ጉቱ ሰላምታ ሰጥቶ ያስገባዋል።

ቢፍቱ የምትባል ቆዳ ሰፊ በሮቤ ገበያ የነበራትን የእህል ንግድ ትታ ወደ ማኅበሩ የገባችው በእኔ ምክር ነው። ሰሞኑን መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ አባባ እንደሻው፣ አሁን ደግሞ ከእንጀራዬ አስጠበቁኝ አይደል ስትለኝ፣ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም። ሰው ሁሉ ግትር ይለኛል፤ እውነቱን ነው። የተናገርሁትን መልሼ አላውቅም። ዛሬ ግን በዚያች ሴት ፊት ያፈርሁት ኀፍረት ስላልለቀቀኝ፣ ቃሌን በአደባባይ አነሣለሁ። ኩባንያው የሚታገሠን እስከ መጪው ዓርብ ነው። እባክዎ ቁልፉ ይከፈት፣ ናሙናውም ይሂድ። ስለ ጥፋቱ የሚጠይቅ አለቃ ቢኖርብዎ፣ አጥፊው እኔ መሆኔን ይንገሩልኝ፤ ቤቴንም አቶ ጉቱ ያውቀዋል።

በጥበቃዎ ብዛት ሥራ ከፈቱት ሰፊዎች ደጅ ሆኖ ረጅም ዕድሜ፣ ከተቻለም አጭር ሥልጣን የሚመኝልዎ፣

እንደሻው ወልደአማኑኤል

ማሳሰቢያ፦ ዓርብ ካለፈ ኩባንያው ከሌላ አገር ሠሪዎች እንደሚገዛ አስታውቋል። እነዚያን ሠሪዎች ማን እንደሚጠብቃቸው አጠያየቅሁ፤ ጠባቂ የላቸውም አሉኝ። ክቡርነትዎ ወደዚያ ተዛውረው እነሱን ቢጠብቁልን፣ ገበያው በወሩ ወደ እኛ ይመለስ ነበር።