ስለ ወገቤና ሊገቡበት ስለነበሩት አራት ብሎኖች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ወገብዎ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እጅ መንሳት ወግ ነውና ጎንበስ ብያለሁ፤ ቀና ማለቱ ግን የእርስዎን ትብብር ስለሚጠይቅ ይህን የምጽፍልዎ እንደጎበጥኩ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በመጋዘን ጆንያ የተሸከምኩ፣ ባለፈው ወር ደግሞ ከጎልማሶች የማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። (ሁለተኛ የወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እሷ ውጤቱን ገልብጣ ነው የምታወራው።)

1ኛ. ሐኪሙ በአከርካሪ አጥንቶቼ መሃል እንደ ትራስ ከተቀመጠችው ዲስክ የወጣች ቁራጭ ነርቬን ስለተጫነች እሷን ብቻ እንደሚያወጡልኝ በቃላቸው ነግረውኝ ነበር። ለፊርማ የቀረበልኝ ቅጽ ግን ሁለት አጥንቶቼን በአራት ብሎን ስለማያያዝ ይተርካል። ብሎን አልንቅም፤ የመጋዘኑን መደርደሪያ በብሎን የገጣጠምኩት እኔው ነኝ። መደርደሪያው ግን እስከ ዛሬ ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

2ኛ. ካርዴ ላይ «ማንበብና መጻፍ አይችልም» የሚል የድሮ ታሪክ ስላለ፣ ነርሷ ከቅጹ አስቀድመው የአሻራ ቀለም አቀረቡልኝ። አውራ ጣቴን በአክብሮት ይዘው ወደ ወረቀቱ ሲመሩልኝ፣ ላንብበው ብዬ ለመንኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለማነብ ተራ ጠባቂው ሁሉ ስለ ወገቤ አሁን ከእኔ እኩል ያውቃል። «አማራጮቹ በሙሉ ተብራርተውልኛል» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ አንድ አዛውንት ሳቃቸው አምልጧቸው የሆዳቸውን ስፌት ያዙ። ስፌቱ ላልቶ ከሆነ ይቅርታ።

3ኛ. የቁራጯንና የብሎኑን ልዩነት ብጠይቅ «ሕክምናውን እምቢ ብሏል» ተብዬ ከተራ ተሰረዝኩ። ስምንት ወር የጠበቅኩትን ወረፋ በአንድ ጥያቄ ስላሳጠሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እምቢ ግን አላልኩም፤ ማለት ብፈልግ አሁን በጽሑፍ እችላለሁ።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች እየደነዘዘ ነው። ትናንት መንገድ ላይ ጫማዬ ሲወልቅ ያወቀችው ባለቤቴ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ስለዚህ ተራዬን ይመልሱልኝ። ሐኪሙም ቁራጯ ብቻ ብትወጣ፣ ብሎኑ ቢገባ፣ ወይም ቢላ ጨርሶ ባይነካኝ ምን እንደምሆን ቁጭ ብለው ያስረዱኝ። ከዚያ የመረጥኩትን በገዛ እጄ እፈርማለሁ።

ከወገብ በላይ ሙሉ በሙሉ፣ ከወገብ በታች ግን እንደ ዕለቱ ሁኔታ ታዛዥዎ የሆንኩት፣
የመጋዘኑ ተሸካሚ፣ የማታው ክፍል አንደኛ
(ፊርማ ነው፤ አሻራ አይደለም)

ማስታወሻ፦ የአሻራ ቀለሙ በግርግር ኪሴ ገብቶ ቤቴ ደርሷል። ሊወስድ የሚመጣ ሰው የርክክብ ቅጽ ይፈርማል። ቅጹን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ሦስት ገጽ ነው። ቸኩሎ ማንበብ ካልቻለ ግድ የለም፣ አውራ ጣቱን እኔው እይዝለታለሁ።