የትም ያልገጠመው ብረት

ልጄ፣ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው ግንብም እንደምንም ተለሰነ።

እንደው ይሄ ከኮሌጅ «በእጄ የሠራሁት ነው» ብለሽ የላክሽው ብረት ምንድን ነው? አባትሽ የበር መቀርቀሪያ መስሎት ሞከረው፤ አልገባም። እኔም ከአልጋው እግር ጋር ታገልኩ። ጎረቤታችን መካኒኩ አይቶ ሳቀብን። «መለማመጃ ነው፣ የትም አይገጥምም» አለን። ግራ ገባኝ! የትም ለማይገጥም ነገር ነው ባሕር ያሻገርኩሽ? ብቻ ከማማሩ የተነሳ ፊቴን አየሁበት።

ኋላ ግን መካኒኩ «ማሽኑ ብረቱን እንደ ካሮት ነው የሚልጠው» አለኝ። ብረት የሚልጥ ማሽን ጣት ይምራል? አንቺ ደግሞ ሽንኩርት ስትከትፊ እንኳ እጅሽን የምትቆርጪ ነሽ።

በይ፣ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርልኝ። ሌላ ብረት አልፈልግም፤ አሥሩም ጣትሽ የሚታይበት ፎቶ ላኪልኝ። ጓንት አድርገሽ እንዳይሆን።