«የቁንጫ እህት» የሚለው ኔትወርክ

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን አለሽ? ጤናሽን የምጠይቀው ደብዳቤ ያለ እሱ ስለማይጀመር ነው። ደህና መሆንሽንማ አውቃለሁ። እኔ ካልተናደድኩ ደህና ነኝ። ስለ እማዬ ወደ ታች እጽፋለሁ። ይህን ወረቀት ፖስታ ቤት አልወሰድኩትም። በበርሽ ሥር ነው የማስገባው።

አዎ፣ በበርሽ ሥር። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ በኢንተርኔት ትደውያለሽ። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ብርዱ እንዴት ነው ልጄ ትልሻለች፤ አንቺም ብርዱ አይጣል ነው፣ ባሕር አቋርጦ መምጣት ቀላል አይደለም ትያለሽ። ካሜራውን ክፈቺ ስንልሽ መስመሩ ደካማ ነው ትያለሽ። የመስመር ነገር ሥራዬ ሆኖ እንኳ አምኜሽ ነበር። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ በኋላ የገባሁበትን የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነግሬሻለሁ። ባለቤቱን ብሎን በአፋቸው ይዘው ስለሚያወሩ ጋሽ ብሎን እንላቸዋለን። ሰው ፊት ማውራት ስለማልችል ከጓሮ ክፍል አስቀምጠውኛል። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ዋይፋይ አላይ ያለ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚመረመር ነው። በመጀመሪያ ማሽኑን ካርድህን ታውቀዋለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው ይላሉ። በዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ የዋይፋይ ካርዱ ስም ከሌለ ወይ ተነቅሏል ወይ ሞቷል፤ ይከፈታል። ካለ ደግሞ በማብሪያው ጠፍቶ እንደሆነ እዪ። ከዚያ አጠገቡ ጤነኛ ማሽን ክፈቺና ሁለቱም በዙሪያቸው ያለውን ኔትወርክ ይቁጠሩ። «ጤነኛው የሰማውን ሕመምተኛው ካልሰማ ጥፋቱ ከቤት ነው፤ ሁለቱም ካልሰሙ ጥፋቱ ከጎረቤት ነው» ይላሉ።

የሱቁ ጤነኛ ማሽን ለእኔ ስለተሰጠ ስሙን «ቁንጫ» ብዬዋለሁ። አንቺ ያወጣሽልኝ ስም ነው፤ ሌላ ሰው በእሱ አይጠራኝም።

ማክሰኞ ጋሽ ብሎን ወገባቸውን አሟቸው እኔን ወደ አንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ላኩኝ። ሁለተኛ ፎቅ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና የሚላክ ትልቅ ሰው አልነበረም ወይ አለችኝ። ላፕቶፑን ወደ እኔ ሳብኩት። ላፕቶፑ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ኔትወርክ አላይ ብሏታል፤ ቫይረስ ነው፣ የአጎቴ ልጅ ነግሮኛል ትለኛለች። ካርዱ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ግን ጠፍቷል። ጎኑ ላይ ያለችውን ጥፍር የምታህል ማብሪያ፣ ከረጢት ውስጥ ስትከተው ገፍታታለች። መለስኳት። «በቃ ይሄው ነው?» አለች፣ ቅር ብሏት። ቫይረሱን ወዳው ነበር መሰለኝ።

ለማረጋገጥ ቁንጫን ከፈትኩና አስቆጠርኳቸው። ሁለቱም ዘጠኝ ቆጠሩ። የሐኪሙ አለ፣ የታችኛው ፎቅ ፀጉር ቤት አለ፣ «የራስህን ግዛ» የሚል አንድ ቁጡ ሰው አለ። ከሁሉም በታች፣ በአንዲት የሲግናል ጭረት ብቻ፣ «የቁንጫ እህት»።

በዓለም ላይ እህት ያላት ቁንጫ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን ስልክሽ ኢንተርኔት ሲያካፍል የሚታየውን ይህን ስም ስትጽፊው አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ነበር፤ ፊደሉን የነገርኩሽም እኔ ነኝ። ቁጥርሽን ቀየርሽ፣ አገር ቀየርኩ አልሽ፣ ይሄን መቀየር ግን ረሳሽ።

ማሽኑን እንደ ትሪ በሁለት እጄ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ጭረት ሆነ። አራተኛው ላይ ሦስት። በኮሪደሩ ወደ ግራ ስሄድ ቀነሰ፤ ወደ ቀኝ ስመለስ ሞላ። ሰማያዊ በር። ከበሩ አጠገብ መስኮቱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከመካከሉ ከአውራ ጣቴ በቀር ምንም የማይገባባቸው ሁለት ካልሲዎች አሉ። ውስጥ አንቺ ታንጎራጉሪያለሽ። እኔን ስታስተኚ የምታዜሚውን ነው፣ ያንን ሁልጊዜ ሁለተኛው ስንኝ ላይ የምትሳሳቺውን።

ማንኳኳት አቃተኝ። ታውቂኛለሽ፤ ዳቦ ግዢ ስባል እንኳ ሻጩ ቀና እስኪል የምጠብቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ። ስምሽን ተጫንኩት። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ የልደት ቀኔን ጻፍኩ። አስገባኝ።

እታለም፣ በዚያች ደቂቃ ይቅር ብዬሽ ነበር። እውነቴን ነው።

ስልክሽ ላይ ቁንጫ መግባቷን የሚናገር ጽሑፍ እንደሚወጣ አውቃለሁ። እንጉርጉሮው ቆመ። ኮቴሽን ሰማሁ፤ እስከ በሩ መጣሽ። ከዚያ ግንኙነቱ ተቋረጠ። እንደገና አስቆጠርኩት። የጎረቤቶችሽ ሁሉ አሉ፣ አንቺ የለሽም። ደግሜ አስቆጠርኩት፤ የለሽም። እኔ እዚያ መቆሜን እያወቅሽ፣ በበሩ ወዲያኛው ወገን ቆመሽ አጠፋሽው።

ካርድ ቢሞት ይገባኛል። ማብሪያ በስሕተት ቢገፋም ይገባኛል። ይሄን ግን ጋሽ ብሎንም አላስተማሩኝም።

አሁን ስለ እማዬ። ቀኝ ዓይኗ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደጠፋ ታውቂያለሽ። ግራው ላይም ሞራ ወጥቷል፤ ሰኞ ሦስት ሰዓት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት። አንቺን ሳላይ አልሄድም ብላለች። ይሄኛውም እንደ ቀኙ ከጠፋ፣ መጨረሻ ያየሁት የልጄ ፊት ይሁን ነው የምትለው። በዚህ ምክንያት ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች፤ ሐኪሙም ሦስተኛው ካለፈ ከእኔ አቅም በላይ ነው ብሏታል። ባለፈው እሁድ መምጣት አልችልም ስትያት እሺ ልጄ አለችሽ። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ያለችውን ግን አልሰማሽም። «ባዶ እጇንም ትምጣ፣ ታቅፋም ትምጣ፣ ብቻ ትምጣ። እኔ ምን ጠየቅኳት?» ነው ያለችው። ያን ጊዜ ስለ ስጦታ የምታወራ መስሎኝ ነበር፤ ካልሲዎቹን ካየሁ በኋላ ግን ገባኝ።

የሆነውን አልነገርኳትም። ቤት ስገባ ፊቴን በጣቷ ዳብሳ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ወገቤን አልኳት፣ የጋሽ ብሎንን በሽታ ተውሼ። እኔን ውሸታም አደረግሽኝ። ለዚህ ብቻ እንኳ ልጮህብሽ ይገባ ነበር፤ መጮህ ስለማልችል ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁንጫን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። አላንኳኳም። ባትሪው አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ከወጣ በሩን እንደከፈትሽልኝ እቆጥረዋለሁ፤ ሰኞ ባለካልሲውን ጨምረን አራት ሆነን ነው የምንሄደው። ካልወጣ ዝም ብዬ እወርዳለሁ። ለእማዬም ምንም አልነግራትም። ግን ከዚያ በኋላ እሁድ ስትደውዪ ስልኩን የማቀብላት እኔ አይደለሁም።

ብናደድብሽም እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ጤና ይስጥሽ፣ እንቅልፍም አይንሳሽ። የካልሲዎቹን ባለቤት ሳሚልኝ። ስታዜሚለትም ሁለተኛውን ስንኝ አስተካክይው፤ እንደ እኔ ስሕተቱን ይዞ እንዳያድግ።

ታናሽ እህትሽ