እናትህን የተሸከመው ውኃ

ይርጋዬ፣ ባለህበት ሰላም ሁንልኝ።

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ከጉና የሚወርደው ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ዘንድሮም የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፈን ከረምን። ሌላው ግን ብዙ ተለውጧል። ዛሬ ልነግርህ የተቀመጥኩት ስለ አንዱ ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ገብቷል። ሰው ተጋድሞ የሚታጠብበት፣ ግድግዳ ሳይደገፍ በአራት እግሩ የቆመ ነጭ ገንዳ። ድሮ እህል የምናስቀምጥበት ክፍል አሁን የእሱ ሆኗል። አፈሩ ወለል ሊሾ ተደርጎበታል።

ያመጣችው ልጃችን ሰብለ ናት። ባሕር ዳር የምትሠራበት እንግዳ ማረፊያ ክፍሎቹን ሲያድስ አሮጌውን ገንዳ ሊጥለው ነበርና ለምና ወሰደችው። ያመጣችው ለእናትህ ነው። የእማሆይ ጉልበት ታጥፎ ከቀረ ቆየ፤ ቁርጥማቱ ማታም ቀንም አያስተኛቸውም። ሐኪሙ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይቀመጡ አለ። ዋንዛዬ ፍል ውኃ እንዳንወስዳቸው መንገዱን አይችሉትም።

አንተም በታመምክበት ጊዜ ዋንዛዬ ውሰጅኝ ብለኸኝ ነበር። ክረምቱ ይውጣ አልኩህ። ክረምቱ ወጣ፤ አንተ አልቆየኸኝም። ብርድ እንዳይመታህ አንዱን ክንድህን ገልጬ፣ ሌላውን ሸፍኜ፣ ከሳፋ እየጨለፍኩ በጨርቅ አበስኩህ እንጂ ሙሉ ገላህ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞቀው ሄድክ። እናትህ በዚህ ወቅሰውኝ አያውቁም። እኔም እሳቸው ሳይሞቃቸው እንዳይሄዱ ፈራሁ። ያን ገንዳ ሳይ የለመንኩት ይህንኑ ነበር፤ እንዲገቡልኝ።

ከአይሱዙ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ከውስጥ ብረት ነው፤ ላዩ ብቻ እንደ ሰሃን ተቀብቶ ያበራል። ጠንካራ ወንዶች አንስተውት ያቃስታሉ። በሩ አላስገባ ሲል አንተ ያቆምከውን መቃን ነቀሉት። ምስማርህ አልለቅ ብሎ ላብ በላብ አደረጋቸው። ሳልናገር ደስ አለኝ።

የሚተክለው የገበያው ቧንቧ ሠራተኛ ሰይድ ነበር። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ውኃ ልክ አስቀምጦ አየና ያዘነበለውን በሲሚንቶ አስተካከለ። እስኪደርቅ ማንም እንዳይረግጠው አለን። ከዚያ ገንዳውን ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቀው፤ ካልሆነ ከጀርባው የሚጠርግ እጅ አይገባም። ከታንከሩ ቧንቧ ሳበለት፤ የሚወጣውን ውኃ ደግሞ ከታች በጎማ ይዞ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጋር አገናኘው። በመጨረሻ አፉ ድረስ ሞላውና ከመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ወረቀት አነጠፈ። ወረቀቱ ሳይርስ አደረ።

እኔ ያን ቀን ከክፍሉ መውጣት አቃተኝ። ውኃን በጀርባዬ እየተሸከምኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይኸን ያህል ውኃ በቤቴ ውስጥ ዝም ብሎ ተኝቶ፣ ጣሪያውን እንደ መስታወት ሲያሳይ አይቼ አላውቅም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያወራሁት፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ።

እማሆይ ግን አንድ ጊዜ በበሩ በኩል አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። «በቁሜ ሣጥን ገዛችሁልኝ?»

«ለጉልበትዎ እኮ ነው፣ እማሆይዬ» አለች ሰብለ።

«መነኩሴ ነኝ። እንደ ቆዳ አልዘፈዘፍም!»

ሰብለ ብትስቅም ብታለቅስም ወይ ፍንክች። በስንት ልመና፣ የነፍስ አባታችን ከባረኩት እገባለሁ አሉ። እኛም ሮጠን አባን ጠራናቸው። ውኃውን አሙቀን ሞላን። አባ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ መስቀላቸውን ነከሩበት። ደስታችን ልክ አልነበረውም። እማሆይን ልናነሳ ስንጠጋ ቀና ብለው ጠየቁ።

«ይኼ ጠበል ኋላ ወዴት ነው የሚፈሰው?»

ሰብለ እኔን አየች። እኔ አባን አየሁ። አባ ውኃውን አዩ። ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ጎማው ሽንት ቤት ነው የሚገባው።

«ጠበል ሽንት ቤት ልታፈሱ! ኧረ እግዚኦ!» አሉና እናትህ ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

አባም እያፈሩም እየሳቁም፣ «እኔስ ብሆን መባረኬን እንጂ ማፍሰሻውን መች አየሁ» አሉ። ውኃው በገንዳው ውስጥ ቀዝቅዞ ከረመ። የማፍሰሻውን መድፈኛ ለመንቀል የሚደፍር ጠፋ። ኋላ እኔና ሰብለ በባልዲ እየቀዳን፣ እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከጓሮ የኮኩ ዛፍ ሥር አፈሰስነው። ስንመላለስ ወገባችን ተቆረጠ።

ሰይድ ሲሰማ መፍቻውን መሬት ጥሎ ሳቀ። «የሻረግ፣ ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ? ይኼማ በእኛም ነውር ነው!» ብሎ ጎማውን ፈታው። ከክፍሉ እስከ ኮኩ ዛፍ ድረስ ቦይ ቆፍሮ ሌላ ቧንቧ ቀበረ፤ ማለቂያውን በድንጋይ አጠረልን።

እናትህ ቦዩን ካላየሁ አሉ። ደግፈን አወጣናቸው። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉትና፣ «እሺ» አሉ።

በማግሥቱ መብራት ስላልነበረ ውኃውን በእንጨት አፈላነው። ቀዝቃዛውን አስቀድመን፣ የፈላውን ኋላ ጨመርን፤ አባ የሰጡንን ጠበል ከላዩ አፈሰስን። እግራቸውን እንዳያዳልጣቸው ከታች ፎጣ አነጠፍኩ። በስስ ነጭ ቀሚሳቸው እንዳሉ እኔ በብብታቸው፣ ሰብለ በእግራቸው ይዘን አነሳናቸው። አንገቴን አንቀው ያዙኝ። የአንተን ክብደት ክንዴ አልረሳውም። ብጥላቸውስ?

ይርጋዬ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምጽፍልህ አላውቅም። ፊደል ከሰብለ ደብተር ላይ ብቻዬን ለቅሜ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ሳነብ ኖሬ ለዚህ የሚሆን ቃል አላገኘሁበትም። ክንዴ ላይ የነበረው ሰው ቀለለኝ። ለሁለት አንስተን የምናቃስትለትን ገላ ውኃው ብቻውን፣ ያለ ድምፅ፣ ከእጃችን ተቀበለው። አንገቴን የያዙት እጆቻቸው ላላ አሉ፤ ከዚያ በራሳቸው ተነስተው ከውኃው በላይ ተንሳፈፉ። ጉልበታቸው፣ ያ እንደ ማጭድ ታጥፎ የቀረ ጉልበት፣ ቀስ እያለ ተዘረጋ። እግራቸው እስከ ገንዳው ጫፍ ሲደርስ ሁለተኛው ጣት ከአውራው ረዝሞ፣ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ አየሁት። ያንተ እግር ነው። ስንት ጊዜ በጨርቅ ያበስኩት እግር ነው። ከመቃብር የተመለሰ መስሎኝ ገንዳውን ጨብጬ ቆምኩ።

«እናንተ፣ ክብደቴን ማን ወሰደው?» አሉ እማሆይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ቀጥሎ ስምህን እንደሚጠሩ ገባኝ። «ልጄ ይኸን አግኝቶ ቢሆን» ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ያን ንግግር ከሞትክበት ቀን ጀምሮ ስጠብቀው ነው የኖርኩት። ዓይናቸውን ገለጡ። የረጠበ እጃቸውን አንስተው ጉንጬ ላይ አሳረፉት።

«ትንሽ ሙቅ ጨምሪልኝ፣ ልጄ።»

ከሞትክ ወዲህ እንዲህ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ማሰሮውን ለማምጣት ወጣሁ፤ ከምድጃው አጠገብ ጥቂት ቆየሁ። ውኃው ግን ሳይቀዘቅዝ ደረስኩ።

ገንዳውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ድስት በአመድ ፈትጌው ቀጭን ጭረት አወጣሁበት፤ ሰብለ ተቆጣችኝ። አሁን በለስላሳ ጨርቅና በፈሳሽ ሳሙና ነው የማጥበው። የከተማችን ውኃ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ስለሚተው፣ አለቅልቄ እስከ እግሩ ድረስ አደርቀዋለሁ። እናትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገባሉ። ቁርጥማቱ አልለቀቃቸውም፤ እንቅልፍ ግን ይወስዳቸዋል።

ውኃው ሲሞላ፣ እሳቸውን ከማንሳታችን በፊት፣ ሙቀቱን ለማወቅ ክንዴን እስከ ላይ እነክራለሁ። ያኔ ስምህን እጠራለሁ፤ ሰብለ እንኳ አትሰማኝም። እስትንፋሴ እስካለ ድረስ በዚህ ቤት ሙቅ ውኃ ሲሞላ ቀድመህ የምትገባው አንተ ነህ።

የሻረግ